ስለ ነጩ ሞደምና ስለ ጥቁሩ ሞደም

ቀን፦ የሙታን በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ። ጭጋግ ወርዷል።

ቦታ፦ የሳን ሲሪያኮ መንደር ጽሕፈት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን፣ ጣሪያው በማያፈሰው ክፍል።

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሰብሳቢው ኮፍያቸው ጠፍቶባቸው ነው።

የተገኙ፦

ዶን ኤላዲዮ፣ የመንደሩ ሹም፣ ሰብሳቢ፣ የሹመት በትራቸውን እንደያዙ።

ዶን ክሪሶፎሮ፣ የወሰን ጉዳይ ኃላፊ።

ዶኛ ትራንሲቶ፣ የወፍጮ ቤት ኃላፊ፣ የኔ አማት።

ዶን ፓንፊሎ፣ የውሃ ኃላፊ፣ በመስኮት።

ኦዲሊያ፣ ጸሐፊ፣ እኔ ነኝ።

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ነርስ ዩሪዲያ ከጤና ኬላው። የመንደሩ ተወላጅ ስላልሆነች መናገር ትችላለች፣ እጅ ማውጣት አትችልም።

ስለ ጸሐፊዋ። ጸሐፊ የተባለው ባለቤቴ ኤፍሬን ነበር፣ ግን ቲማቲም ለቀማ ወደ ሰሜን ሄዷል፣ ባል ከሌለ ሹመቱን ሚስት ትሠራለች ነው ደንቡ፣ እምቢ ማለት የለም። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ዶን ክሪሶፎሮ የተባለው ሁሉ ይጻፍ፣ አንድ ነገር ከቀረ አንድ ሌሊት እስር ቤት ታድሪያለሽ ስላሉኝ የተባለውን ሁሉ ጽፌያለሁ፣ መጻፍ የማይገባውም ከገባ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ። አምስት ሰው መሙላት ነበረበት፣ አራት ሆንን። ዶን ፓንፊሎ ከዶን ኤላዲዮ ጋር በበሬ ተጣልተው ሹሙ ባለበት ቤት አልገባም ብለዋል። ቤታቸው ግን ፊት ለፊት ነው፣ መስኮታቸው ከኛ መስኮት ጋር ይተያያል፣ ክርናቸውን ደፉ ላይ አድርገው ያዩናል። ዶን ክሪሶፎሮ የተሰማ ሰው የተገኘ ሰው ነው አሉ። ዶን ፓንፊሎ ከወዲያ "እሰማለሁ፣ ግን ለሰውዬው መልስ አልሰጥም፣ ለልጅቷ ነው የምመልሰው" አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ በመስኮት መገኘት መገኘት እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ አንድ፦ ሞደም ለምን እንዳስፈለገ

ሰብሳቢው ሁለቱን ሞደሞች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከከተማ ባለሱቅ ለሙከራ ያመጧቸው ናቸው፣ አንዱ ሰኞ ይመለሳል። ጥቁሩ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ የራሱ ባትሪ አለው። ነጩ ሁለት ቀንድ አለው፣ ከኋላው ደግሞ በረጅም ሽቦ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አንቴና አለው። ዶኛ ትራንሲቶ ቀንድ ያለው ነገር ከቅዱሱ ጎን ባለ ቤት አይገባም አሉ። ሰብሳቢው ቀንድ አይደለም፣ አንቴና ነው ብለው አስረዱ። ዶኛ ትራንሲቶ "ፍየልም ብትጠይቀው እንደዛ ነው የሚልህ" አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ስብሰባው እስኪያልቅ ቀንዶቹ ወደ ታች ታጥፈው እንዲቆዩ ተወሰነ።

ነርስ ዩሪዲያ ተነስታ ተናገረች። እስከ ዛሬ የምትደውለው መቃብሩ ኮረብታ ላይ ወጥታ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነው፣ አንዳንዴ ይገባል አንዳንዴ አይገባም። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፣ ሁሉም አዩኝ፣ አጎነበስኩ። ኦዲሊያ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ በመቀመጫው ነው አለች፣ አልዞረም፣ እኔ ደግሞ ቀድጄ ማዋለድ አልችልም፣ ምጥ ሲጀምራት በዛችው ደቂቃ ለወረዳው ዶክተር ደውዬ መኪና ማስመጣት አለብኝ፣ በዚህ ሳምንት ነው በዛ ቢባል በሚቀጥለው፣ ኮረብታ ለኮረብታ የምሮጥበት ጊዜ አይኖረኝም አለች።

ዶኛ ትራንሲቶ "እኔ ስድስት ስወልድ ለማንም አልደወልኩም" አሉ።

ነርሷ "ስድስቱም በጭንቅላታቸው ነው የመጡት፣ ዶኛ" አለች።

ዶኛ ትራንሲቶ "ጭንቅላት ያላቸው ናቸዋ!" አሉ። ዶን ፓንፊሎ ከመስኮታቸው ሳቁ።

ሞደም እንደሚያስፈልግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነው እጄን ያወጣሁት።

አጀንዳ ሁለት፦ ሙከራ

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው የካርቶኑን ጽሑፍ አነበቡ። በጥቁሩ አስር ሰው ይጠቀማል ይላል፣ በነጩ ሠላሳ ሁለት። ዶን ክሪሶፎሮ ሠላሳ ሁለቱ እነማን ናቸው ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ማንም ሊሆን ይችላል አሉ። ዶን ክሪሶፎሮ ማንም ሊሆን አይችልም፣ ወይ በስም ይጠራ ወይ ይቅር፣ እኛ ሠላሳ ሦስተኛውን ሰው ደጅ ላይ የምናቆም ሰዎች ነን ወይ አሉ። እዚህ ላይ ሠላሳ ሦስተኛው ማን ይሁን የሚል ብዙ ክርክር ሆነ። ሰብሳቢው ስም ሳይጠሩ ወደ መስኮቱ ብቻ አዩ። ዶን ፓንፊሎ "ልጅቷ፣ ለሰውዬው ንገሪው፣ የሱ በሬ ሠላሳ ሦስተኛ ይሁን፣ አጥር ማፍረስ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም" አሉ። ነገርኩ። ሰብሳቢው በሬው በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ አዘዙ። በሬው ገብቷል፣ ስለፈራሁ ነው፣ ማንን እንደምፈራ ግራ ገባኝ።

ነርስ ዩሪዲያ በድጋሚ ተናገረች። ሞደም በቀለሙ ወይ በሰው ብዛቱ ብቻ አይመረጥም አለች። ዋናው ከስልክ ማማ የሚወጣውን ሞገድ መስማቱ ነው። ማማ ሁሉ አንድ ዓይነት ሞገድ አይለቅም፣ ተራራ ላይ የሚጋጭ አለ፣ ተራራውን ዞሮ የሚመጣ አለ። ጥቁሩ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ነጩ ሁለቱንም ይሰማል፣ በዛ ላይ አንቴናው ጣሪያ ላይ ይወጣል አለች።

ዶን ፓንፊሎ "ጆሮው ትልቅ ነው በይና!" አሉ።

ነርሷ አዎ እንደዛ ነው አለች። ዶን ክሪሶፎሮ ጆሮ ትልቅ ማለት ወሬ ማብዛት ነው፣ መንደሩ የሚፈልገው ፍጥነት ነው አሉ። ፍጥነቱ እንዴት ይለካ ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ በነሐስ ሙዚቃ፣ የጡሩምባና የከበሮ ባንድ ቪዲዮ በመክፈት፣ እንዲለካ ተወሰነ፣ ሙዚቃ ላይ ማንም ማንንም ማታለል ስለማይችል።

ጥቁሩ ቀደመ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የኔትዎርክ መስመር ብቻ አሳየ፣ መስኮቱ ጋ አሁንም አንድ። ሰብሳቢው በሹመት በትራቸው ጫፍ ላይ አስረው ወደ ጣሪያው አነሱት። ዶን ክሪሶፎሮ በትሩ የሕዝብ ክብር ነው ብለው ተቃወሙ። ሰብሳቢው እኔ እስከያዝኩት ድረስ ክብሩ አለ አሉ። ሁለት መስመር ሆነ። በነርሷ ስልክ ቪዲዮ ተከፈተ፣ የነሐስ ባንድ ነው፣ ትልቁን ጡሩምባ የያዘው ሰውዬ ጉንጩን ነፋ፣ ከዚያ ቆመ። ጉንጩ እንደተነፋ ቀረ። ብዙ ጠበቅን። ዶኛ ትራንሲቶ "ኧረ አስተንፍሱት ሰውዬውን!" አሉ። ዶን ክሪሶፎሮ ይሄኛው የተከበረ ነው፣ አይቸኩልም አሉ።

ከዚያ ነጩ ሆነ። አንቴናውን ለመስቀል ሰብሳቢው ራሳቸው በመሰላል ወጡ፣ ዶን ክሪሶፎሮ መሰላሉን ያዙ። አንቴናው ወዴት እንደዞረ በደንብ የሚታየው ከዶን ፓንፊሎ መስኮት ነው፣ እሳቸው ግን ከዶን ኤላዲዮ ጋር አይነጋገሩም። ስለዚህ ዶን ፓንፊሎ ለኔ ይነግሩኛል፣ እኔ በበሩ ወጥቼ ወደ ጣሪያው እጮሃለሁ፣ ሰብሳቢው ይመልሱልኛል፣ ተመልሼ መስኮቱ ጋ እሮጣለሁ።

"ወደ ግራ በይው!"

"ወደ ግራ ይበሉ ብለዋል!"

"የማን ግራ? የኔ ነው የሱ?"

"የማን ግራ ይላሉ!"

"ግራውን እንኳን የማያውቅ ሹም! እንደዛ በይው!"

እንደዛ አላልኩም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ወገቤን ያዘኝና ለቀቀኝ። ነርሷ "ቁጭ በይ ኦዲሊያ፣ እኔ እጮሃለሁ" አለች። ዶን ክሪሶፎሮ መሰላሉን እንደያዙ፣ ድምፅ የሌላት ሰው መልእክት ማድረስ አትችልም አሉ።

አንቴናው ወደ ምሥራቅ ሲዞር ነርሷ ከውስጥ "እዛው! አትንኩት!" ብላ ጮኸች። አራት መስመር ሞልቷል። ቪዲዮው በነኩት ቅጽበት ተከፈተ፣ ሰውዬው ጉንጩን ነፋ፣ ጡሩምባው ጮኸ፣ ከበሮው ገባ፣ ክፍሉ ተናወጠ። ሰብሳቢው ከመሰላሉ ወርደው በእግራቸው መሬቱን መቱ። ዶን ፓንፊሎ በመስኮታቸው ደፍ ላይ በጣታቸው ከበሮ መቱ። ዶኛ ትራንሲቶ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘፈኑ ሲያልቅ ባንዱ የሳንታ ኤዱቪኼስ ባንድ እንደሆነ ተጽፎ ታየ፣ የጎረቤቶቻችን፣ የወሰን ጠላቶቻችን። ሁሉም ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የሰማነው ለሙከራ ብቻ ነው ተብሎ ይጻፍ አሉ። ተጽፏል።

አጀንዳ ሦስት፦ ኔትዎርኩ የማን እንደሆነ

ይሄ አጀንዳ አልነበረም፣ ዶን ክሪሶፎሮ ናቸው ያስገቡት። ለነርሷ "ለመሆኑ ያ ሁሉ ኔትዎርክ ከየት ነው የመጣው?" አሏት። ነርሷ ከሌላ አገር ናት፣ አታውቅም፣ "ከጭልፊት ኮረብታ፣ የሳንታ ኤዱቪኼስ ሰዎች ካቆሙት ማማ ነዋ፣ ቅርብ ስለሆነ እኮ ነው የሚፈጥነው" አለች። ዶን ክሪሶፎሮ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጥቁሩስ አሉ። ጥቁሩ ከታች ከወረዳው ከተማ ነው፣ በሁለት ተራራ ማዶ፣ ለዛ ነው የማይደርሰው አለች።

ዶን ክሪሶፎሮ ቆመው ነው የተናገሩት። የጭልፊት ኮረብታ የሳን ሲሪያኮ መሬት ነው፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት አለ፣ ከነሱ ውሃም እንጨትም ሰላምታም አንቀበልም ብለን ተማምለናል። ዛሬ ኔትዎርካቸውን ብንቀበል ነገ ጠበቃቸው ዳኛው ፊት ቆሞ "እነዚህ ሰዎች ከእጃችን በልተዋል" ይላል አሉ።

ዶን ፓንፊሎ ከመስኮታቸው "ቆይ እስቲ! ኮረብታው የኛ ከሆነ ማማውም የኛ ነው፣ ማማው የኛ ከሆነ ኔትዎርኩም የኛ ነው! እንደውም ሌባዎቹ እነሱ ናቸው፣ በኛ ኔትዎርክ ልጆቻቸውን ሲድሩ ኖረዋል!" አሉ።

ሰብሳቢው በሐሳቡ ሊስማሙ አፋቸውን ከፍተው ነበር፣ የማን ሐሳብ እንደሆነ ሲያስታውሱ ዘጉት።

ነርስ ዩሪዲያ ሞገድ አጥር አያውቅም፣ አሁን እዚህ ተቀምጠን በላያችን ላይ እያለፈ ነው አለች። ዶን ክሪሶፎሮ ያለፈቃድ እያለፈ ነው ማለት ነው፣ ይመዝገብ አሉ። ተመዘገበ። ነርሷ ዝናቡም እኮ ከነሱ በኩል ነው የሚመጣው አለች። ዶን ክሪሶፎሮ ዝናብ የእግዜር ነው፣ ሲም ካርድ የለውም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዝናብ በዚህ ስብሰባ እንዳይነሳ ተወሰነ።

ነርሷ ወደ አማቴ ዞራ "ዶኛ፣ እባክዎ፣ የልጅዎ ልጅ እኮ ነው" አለች። ዶኛ ትራንሲቶ "ያ ማማ የቆመበት የአባቴ የበቆሎ ማሳ ነው። አባቴ እዛ ማሳ ላይ ሲያርስ ነው የደበደቡት፣ ሬሳውን በቃሬዛ ነው ያመጡልን። ከዛ ቦታ የሚመጣ ነገር ቤቴ አይገባም" አሉ። እንባቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። እኔም ያኔ ነው ያወቅኩት፣ ነግረውኝ አያውቁም።

ድምፅ ተሰጠ። ለጥቁሩ፦ ዶን ክሪሶፎሮ፣ ዶኛ ትራንሲቶ፣ ሰብሳቢው። ሰብሳቢው የዶን ፓንፊሎ እጅ ለየትኛው እንደሚወጣ አይተው ነው ያወጡት። ለነጩ፦ ዶን ፓንፊሎ፣ በመስኮት። ጸሐፊዋ ድምፅ ነበራት። እጄን አላወጣሁም። ሁሉም አዩኝ፣ አማቴም እያለቀሱ አዩኝ፣ ፈራሁ፣ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ከብዶኝ ቀረ።

ስለዚህ ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ሀ. ጥቁሩ ሞደም ተመርጧል።

ለ. ነጩ አሁኑኑ ከሶኬት ይነቀላል፣ ሰኞ ይመለሳል። አንቴናው ሰብሳቢው እንደገና ጣሪያ ላይ መውጣት ስለማይፈልጉ እስከዛው ባለበት ይቆያል፣ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

ሐ. ሳንታ ኤዱቪኼስ ኔትዎርኩን በወሰናችን ላይ ማሳለፉን እንዲያቆም ደብዳቤ ይጻፍለታል።

መ. እነሱ ተቆጥተው እንዳይመጡ በወሰኑ መንገድ ላይ ያለው ሰንሰለት ሁለተኛ ቁልፍ ይደረግበት።

ዶን ክሪሶፎሮ ወዲያው ወጥተው ሰንሰለቱን በሁለተኛ ቁልፍ ቆልፈው ተመለሱ። ውሳኔ በዚህ ፍጥነት ሲፈጸም ሳን ሲሪያኮ አይቶ አያውቅም ብለው ሰብሳቢው አመሰገኑ።

አጀንዳ አራት፦ ጥቁሩ ሞደም የት ይቀመጥ

ሰብሳቢው እኔ ቤት አሉ። ዶን ፓንፊሎ ልጅቷ ለሰውዬው ንገሪው፣ በሬው ይበላዋል አሉ። ዶኛ ትራንሲቶ ቤተ ክርስቲያን ካለው ከቅዱሱ ሐውልት እግር ሥር ይሁን፣ ማንም አይሰርቀውም አሉ። ዶን ክሪሶፎሮ ቅዱሱ ለበዓሉ በሰልፍ ሲወጣ ሞደሙስ አብሮ ይዞራል ወይስ ይቀራል ብለው ጠየቁ። ቢዞር ለሁሉም ሰፈር ይዳረሳል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከፊት ይሂድ ከኋላ የሚለው ላይ ክርክር ሆነ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ መጻፍ አቆመች። ወገቤን የያዘኝ ነገር ዞሮ ሆዴን ያዘ፣ አልለቅ አለ፣ ጠረጴዛውን ጨበጥኩ። ሲለቀኝ መጻፍ ቀጠልኩ። ሰብሳቢው ሞደሙ ከባንዱ ቀጥሎ ይሂድ እያሉ ነበር። እንደገና ያዘኝ። የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ፣ ወንበሩ ላይ፣ መሬቱ ላይ።

ዶን ክሪሶፎሮ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ እንዴ ብለው ወደ ላይ አዩ።

ነርስ ዩሪዲያ "ምጥ ነው! ሞደሙን ስጡኝ!" አለች። የተመረጠውን ጥቁሩን ሰጧት። አንድ መስመር። ደወለች፣ ስልኳ ላይ ያለው ክብ ምልክት ተሽከረከረ፣ አልገባም። በትሩ ጫፍ ላይ አሰሩት፣ ተሽከረከረ። እጇን ሆዴ ላይ አደረገች፣ ፊቷ ተለወጠ፣ እኔ ፊቷን አየሁት። "ነጩን ሰኩልኝ" አለች።

ዶን ክሪሶፎሮ ነጩ በውሳኔ ተነቅሏል አሉ። መጥፎ ሰው አይደሉም፣ ግን እንደዛ አሉ። ውሳኔ የሚሻረው በውሳኔ ነው፣ ለዛ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ሦስት ቀን ተለፍፎ አዲስ ስብሰባ ይጠራል አሉ።

ነርሷ "ሦስት ቀን? ልጁ ሦስት ቀን ይጠብቃል?!" አለች።

ሰብሳቢው አስቸኳይ ስብሰባ የሚባል ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ዶን ክሪሶፎሮ አለ፣ ግን አስቸኳይ መሆኑን የሚወስን ስብሰባ መጀመሪያ ይጠራል አሉ። ዶኛ ትራንሲቶ እኔን ከኋላ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውኝ ነበር። "አበልጄ ክሪሶፎሮ፣ ዝም በል" አሉ። "የኔን ድምፅ መልሱልኝ። ወስጄዋለሁ።" ዶን ክሪሶፎሮ የተሰጠ ድምፅ አይመለስም አሉ። አማቴ "የአባቴን ሬሳ ያየሁበት ዓይኔ የልጄን ሚስት ሬሳ አያይም! ሰማህ?" ብለው ጮኹ።

ሰብሳቢው የዶን ፓንፊሎን ሐሳብ ሊጠይቁ ወደ መስኮቱ አዩ። መስኮቱ ባዶ ነው። ዶን ክሪሶፎሮ ዶን ፓንፊሎ ከመስኮት ስለጠፉ ምልዓተ ጉባኤ የለም፣ ምንም መወሰን አይቻልም አሉ። ያኔ በሩ ተከፈተ፣ ዶን ፓንፊሎ በነጠላ ጫማ ገቡ። "ኤላዲዮ፣ ሶኬቱ የት ነው?" አሉ። ሰብሳቢው "ከኋላህ፣ ከቁምሳጥኑ ጎን" አሉ። ዶን ክሪሶፎሮ ሶኬቱ ፊት ቆሙ። "የተጻፈ ነገር አለ" አሉ። "መዝገቡ ላይ የተጻፈው ነው የሚሆነው። ሹሙ የሚለው አይደለም፣ እኔ የምለውም አይደለም፣ የተጻፈው ነው። ፍርድ ቤት የሚያየውም እሱን ነው።"

መዝገቡ እኔ ፊት ነበር። እስኪርቢቶውም እጄ ላይ።

ምጡ ለቀቅ ሲያደርገኝ ጻፍኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። የጻፍኩት በመጨረሻው ገጽ ላይ አለ። ፊደሉ ተጣሟል፣ ግን ይነበባል። መዝገቡን አዙሬ ለዶን ክሪሶፎሮ ገፋሁላቸው። ዶን ክሪሶፎሮ አነበቡ። እንደገና አነበቡ። "ማን ነው የወሰነው?" አሉኝ። "ተጽፏል፣ ዶን ክሪሶፎሮ" አልኳቸው። ድምፄ ወጣ አልወጣ አላውቅም።

ከሶኬቱ ፊት ዞር አሉ። ዶን ፓንፊሎ ሰኩት። አራት መስመር ሞላ። ነርሷ ደወለች፣ ዶክተሩ ፊቱ ወጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ሳይሽከረከር፣ ሁሉንም ጠየቃት፣ ሁሉንም ነገረችው። ዶክተሩ የወረዳው አምቡላንስ በዚህ ጭጋግ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ የሳንታ ኤዱቪኼስ ጤና ጣቢያ ፒካፕ ግን እዛው ኮረብታው ማዶ ነው፣ አሁኑኑ ይነሳል አለ። "ግን መንገዱ ላይ ሰንሰለት አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?" አለ።

ሁሉም ዶን ክሪሶፎሮን አዩ። ዶን ክሪሶፎሮ ሁለቱን ቁልፎች ከኪሳቸው አወጡ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ወደ ጭጋጉ ሮጠው ወጡ። ምንም አልተናገሩም። ያልተባለውም ይጻፍ አልተባልኩም፣ ግን ጻፍኩት።

አጀንዳ አራት ሳያልቅ ቀርቷል።

ስብሰባው የተዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ጸሐፊዋ ስለምትሄድ። የመኪና መብራት ታች በመንገዱ ላይ ይታያል፣ ከፊቱ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን እያውለበለበ መንገድ እያሳየ ይሮጣል። ነርሷ ተነሺ እያለችኝ ነው። ዶን ኤላዲዮና ዶን ፓንፊሎ ወንበሩን ከኔ ጋር ሊያነሱት ነው፣ የማን ግራ እያሉ እየተጨቃጨቁ ነው። አማቴ ሻርፓቸውን አልብሰውኛል። መዝገቡን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ያለ ምንም ውይይት የሚከተለው ተወሰነ። ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ቀርቷል። ጥቁሩ አልተመረጠም። ነጩ አይመለስም፣ ከሶኬትም አይነቀል፣ ማታም ቢሆን። ደብዳቤው አይጻፍም። በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ሁለቱም ቁልፎች ይከፈቱ። ይህን የወሰንኩት እኔ ኦዲሊያ ነኝ፣ በራሴ ድምፅ፣ ቅድም ባላወጣሁት። ተቃውሞ ያለው ሰው ስመለስ ይንገረኝ፣ እጽፍለታለሁ።